በጥሪ አጣሪ ኮሚቴ የተረጋገጠ ሕይወት

በዚህ ዓለም ላይ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ዝም ብለው ሥራ የሚገቡ ሰዎች እንዳሉ የታወቀ ነው። ጠዋት ይወጣሉ፣ ማታ ይገባሉ፣ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ጥርሳቸውን ያስነቅላሉ፤ ለምን እንደተፈጠሩ ግን ተጠይቀው በጽሑፍ የሚያቀርቡት ማስረጃ የላቸውም። ይህ ታሪክ እነዚያን ግድየለሾች አይመለከትም። የሚመለከተው የሕይወቱን ትርጉም በደንቡና በሚመለከተው አካል በኩል ለማግኘት አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተጋደለውን አንድ ክርስቲያን ወጣት ነው።

ወጣቱ የተመረቀው በሥራ አመራር ነው። ሰፈርተኛው «ምሩቁ» ይለዋል፤ እናቱም ስትናደድ እንደዚያው ትለዋለች። የተከራየውን ጋዋን በመለሰ ማግስት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ሲያይ ሆዱን ባር ባር አለው። ዕድሜውን ሙሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ሌላ ሰው ሲነግረው ኖሯል። ከአምስተኛ ክፍል በኋላ ስድስተኛ ይመጣል፤ ከፈተና በኋላ ውጤት ይመጣል። አሁን ግን የሚመጣ ነገር የለም። ፈራ፤ ከልቡ ፈራ። ጌታ ለአንድ ነገር እንደፈጠረው አይጠራጠርም፤ ያ ነገር ሳያየው እንዳያልፈው ነው ጭንቁ። እስከዚህ ድረስ እንደማንኛውም ሰው ነበር። የተማረ መሆኑ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው።

«እማዬ፣ ጥሪዬን እስካውቅ ድረስ ሥራ አልገባም» ሲል በቁርስ ሰዓት በይፋ አስታወቀ።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ማነው የሚጠራህ?» አለችው።

«እግዚአብሔር ነዋ!»

«እሱ ከጠራህማ ይሰማሃል። እስከዚያው እቺን ቁልፍ ትከልልኝ።»

«ቁልፍ እየተከልኩ ቢጠራኝስ?»

«ጥለህ ትሄዳለህ። እኔ አልቀየምህም።»

ሴትየዋ ከፍተኛ ትምህርት ባለመከታተሏ መልሷ ከመጠን በላይ አጭር ነበር። ምሩቁ አዘነላት፤ ቁልፉንም ሳይተክል ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለ ሃያ ስድስት ገጽ ሰነድ ይዞ ወጣ። ርእሱ «የግለሰብ የሕይወት ትርጉም ፍለጋ የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ» ይላል። ራእይ በሚለው ሥር፣ «በአምስት ዓመት ውስጥ ራእይ ያለው ሰው ሆኖ መገኘት» ተብሎ ተጽፏል። ተልእኮ በሚለው ሥር፣ «ተልእኮን መለየት» ይላል። መልካም አጋጣሚዎች በሚለው ሥር «ሥራ የለኝም»፣ ስጋቶች በሚለው ሥር ደግሞ «ድንገት ሥራ ሊገኝ ይችላል» የሚል ሰፍሯል። ያነበበው ሰው ሁሉ አንድም ስሕተት ሊያወጣለት አልቻለም።

ሰነዱን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። በዚያ የወጣቶችን ጉዳይ የሚከታተሉት ሽማግሌ በአንድ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት የመምሪያ ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከወጡ ወዲህ የሚሰበስቡት ነገር አጥተው፣ እቤታቸው ቁርስ ላይ ለልጆቻቸው አጀንዳ ያስጸድቁ ነበር። ሰነዱን ሲያዩ ልባቸው ቅቤ ጠጣ። በዚያው ቀን ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፦ እሳቸው ሰብሳቢ፤ አንዲት ፋርማሲስት ጸሐፊ፤ አንድ የሴራሚክ ነጋዴ ደግሞ የጸሎት ክፍል ተጠሪ። ነጋዴው በመክፈቻ ጸሎት ላይ ዓይኑን ይጨፍናል፤ የሚገልጠው የመዝጊያው ጸሎት ሲያልቅ ነው። በመሃል ያለውን ጊዜ እንዴት እንደሚጸልይበት በእሱና በፈጣሪው መካከል ያለ ምስጢር ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ስም ለማውጣት።

«ጥሪ ፈላጊ ኮሚቴ እንበለው» አለች ጸሐፊዋ።

«የለም፣ የለም» አሉ ሰብሳቢው። «ፈላጊ ካልን፣ ሳናገኝ ስንቀር ያስጠይቀናል። አጣሪ ካልን ግን የማጣራቱ ሥራ ሁሌም በሂደት ላይ ነው።»

ይህ ጥበብ በሠላሳ ዓመት አገልግሎት የሚገኝ ነው። በሁለተኛው ስብሰባ መስፈርት ወጣ። አንደኛ፣ ጥሪ ትልቅ መሆን አለበት።

«ሁለተኛ፣ ሩቅ መሆን አለበት» አሉ ሰብሳቢው። «ነቢያቱን ተመልከቱ። እቤቱ አጠገብ የተላከ ማን አለ?»

«ምን ያህል ሩቅ?» ጸሐፊዋ ብዕሯን አነሣች።

«ሃምሳ ኪሎ ሜትር። ከዚያ በታች ያለው ጥሪ ሳይሆን መላላክ ነው። ሦስተኛ፣ የተጠራው ሰው ነገሩን መውደድ የለበትም። ሰው የወደደው ነገር የሥጋ ነው።»

ምሩቁ እጁን አወጣ። «ትንሽ ደስ ቢለኝስ?»

«ትንሽ ደስታ ቅጽ ‹ለ› ላይ ይሞላል።»

ኮሚቴው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል እንዲሰበሰብ ተወሰነ። ምሩቁ የሰዓት አክባሪነት ኮርስ ወስዷልና በመጀመሪያው ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰ። በሩን ሲከፍት ሰባት ሴቶች ደብተር ጭናቸው ላይ አድርገው ባዶውን ጥቁር ሰሌዳ እያዩ ተቀምጠዋል። የጎልማሶች ፊደል ትምህርት መሆኑ ነው። አስተማሪያቸው ባሏን ተከትላ ሌላ ከተማ ከገባች ወር አልፏታል፤ እነሱ ግን መምጣት አልተዉም።

ከፊት የተቀመጠችው የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ጣቶቿ በሳሙና ብዛት ያበጡ፣ አምሳ ዓመት ያለፋት ሴት።

«ልጄ፣ አስተማሪው አንተ ነህ?» አለችው።

«አይ፣ እኔ እንኳ ጥሪዬን እየጠበቅኩ ነው።»

«እሺ። እስኪመጣልህ ‹መ›ን አሳየን።»

ነውር እንዳይሆንበት ‹መ›ን አሳያቸው። ጥሪው የሚመጣ ስላልመሰለው ‹ሙ›ንም ጨመረላቸው። እስከ ‹ሞ› ደርሰው ሰብሳቢው በሩን ሲያንኳኩ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የት እንዳለፈ አላወቀም። ረቡዕም አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ዓርብ ዕለት ዘጠኝ ተኩል ላይ ደርሶ ሰሌዳውን ሲጠርግ ተገኘ።

ልብስ አጣቢዋ ፊደል የፈለገችው ለቅንጦት አይደለም። በሆስፒታሉ የቆሸሸው ልብስ በየክፍሉ ቀለም በተለያየ ከረጢት ይመጣላት ነበር፤ ቀዩን ለቀዶ ጥገና፣ ሰማያዊውን ለሕፃናት እያለች ኖራለች። አዲስ አለቃ መጣና ከረጢቱን ሁሉ ነጭ አድርጎ ስም ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ «ይሄ የማነው?» እያለች ስትጠይቅ፣ በየቀኑ ትሰደባለች።

«ደግሞ መዝሙረ ዳዊትን ራሴ ላነበው እፈልጋለሁ» አለችው። «ሰው ሲያነብልኝ ይዘልብኛል። ሲቸኩሉ እንደሚዘሉብኝ አውቃለሁ፤ የቱን እንደሚዘሉ ነው የማላውቀው።»

በሁለት ወር ውስጥ ጉድ ፈላ። ምሩቁ ወደ ቤቱ ሲመለስ እያንጎራጎረ መሆኑን ደረሰበት። ሆዱን ባር ባር የሚለው ነገርም ጠፋ። አንድ ቀን ሳይታዘዝ ቁልፍ ተከለ። እናቱ መነጽሯን አውልቃ አየችው።

«ምን አግኝተህ ነው ፊትህ እንዲህ የበራው?»

«ምንም አላገኘሁም» አላት በጭንቀት። «ፈተና ውስጥ ነኝ፤ ጸልዪልኝ።»

ሐቀኛ ልጅ ነውና ጉዳዩን ከኮሚቴው አልደበቀም። በሚቀጥለው ስብሰባ ከልዩ ልዩ ጉዳዮች በፊት የመናገር ዕድል ጠየቀ።

«አንድ የምናዘዘው ነገር አለ። አሥር ሰዓት ላይ ደስ ይለኛል።»

 የጸሐፊዋ ብዕር ቆመ።

«ምን ያህል?» አሉ ሰብሳቢው።

«በጣም።»

«ለብቻህ?»

«ከሰባት ሴቶች ጋር።»

የሴራሚክ ነጋዴው ኮሚቴው ከተቋቋመ ለመጀመሪያ ጊዜ በስብሰባ መሃል ዓይኑን ገለጠ።

«ፊደል ነው የማስቆጥራቸው» አለ ምሩቁ።

ነጋዴው ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

ጉዳዩ በመስፈርቱ መሠረት ተገመገመ። ትልቅነት፦ ሰባት ሰው፤ አንዷ መቅረት ታበዛለች። ርቀት፦ በጸሐፊዋ ስልክ ሲለካ ከምሩቁ ቤት አራት መቶ ሜትር። መውደድ፦ እጅግ ከፍተኛ፤ ቅጽ ‹ለ› ላይ አይበቃም፣ ተጨማሪ ወረቀት ይያያዝ። ውጤቱም ከሦስት ዜሮ ሆነ። ጸሐፊዋ፣ «ድርጊቱ ጥሪ እንዳልሆነ በማያሻማ ሁኔታ ተረጋግጧል፤ ሆኖም እውነተኛው ጥሪ እስኪመጣ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ ቢቀጥል ኮሚቴው አይቃወምም» ብላ መዘገበች። ምሩቁ እፎይ አለ። እንዲህ እፎይ ያሰኘው ውሳኔ አጋጥሞት አያውቅም፤ ለምን እንደሆነ ግን አልመረመረም፤ ምርመራ የኮሚቴው ሥልጣን ነው።

ዓመቱ ዞረ። ኮሚቴው ባለ መቶ ዐሥራ አራት ገጽ ሪፖርቱን አጠናቀቀ፤ አንድ እሑድ ሰብሳቢው ከረቫታቸውን አጥብቀው በጉባኤው ፊት ቆሙ።

«የተወደዳችሁ ወገኖች! ወንድማችን ትርጉም በመፈለግ ረገድ ያካበተውን የረጅም ጊዜ ልምድ ግምት ውስጥ በማስገባት፣ ጥሪው ትርጉም መፈለግ ሆኖ ተገኝቷል። ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ የጥሪ ፍለጋ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኖ የአካባቢያችንን ምሩቃን በሙሉ እንዲያጣራ ተመድቧል! ሥራው ትልቅ ነው፤ የሰው ዘርን ሁሉ ይመለከታል። ርቀቱንም ለክተነዋል፤ ከማንኛውም ነገር የራቀ ነው።» ከዚያ ወደ ምሩቁ ዞሩ። «አሁን በሁሉ ፊት መልስ። ሥራውን ወደድከው?»

 ምሩቁ ዋሽቶ አያውቅም።

«አልወደድኩትም» አለ።

«ሦስተኛውም ተሟላ!» አሉ ሰብሳቢው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ምሩቁ አለቀሰ፤ ጉባኤው ደስታው ነው ብሎ አብሮት አለቀሰ። እናቱ ብቻ አላለቀሰችም፤ የልጇን ልቅሶ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ጽሕፈት ቤት ደግሞ ክፍል ይፈልጋል። ከአዳራሹ ጀርባ ካለችው ክፍል በቀር ሌላ አልነበረም። ሰሌዳው ወጣ፤ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያና የሚሽከረከር ወንበር ገባ። ለሴቶቹ ትምህርቱ መቋረጡን የሚገልጽ ጨዋ ደብዳቤ ተዘጋጀ። ነገር ግን ሰብሳቢው፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ደብዳቤ መስጠት ማሸማቀቅ ነው ስላሉ፣ ከአክብሮት ጋር ፋይል ውስጥ ተቀመጠ።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ኃላፊው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግራና ቀኝ እየተሽከረከረ ሳለ፣ ከበሩ ውጭ የእግር ኮቴ ሰማ። ኮቴው በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ የልብስ አጣቢዋ ድምፅ መጣ።

«የ... ጥ... ሪ... ፍ... ለ... ጋ... ማስ... ተባ... በሪያ...»

በሩ ላይ የተለጠፈውን እያነበበች ነው።  ቀጥሎ ‹ጽ› እንዳለ ኃላፊው ያውቃል፤ ‹ጽ› ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስቸገራት ፊደል ናት። ከወንበሩ ተነሣ፣ በከንፈሩ አብሯት ማነብነብ ጀመረ። «ጽ... ሕ... ፈት ቤት» አለች። አለፈችው! ኃላፊው በጡጫ ጠረጴዛውን መታ። ሴትየዋ አላቆመችም፤ «ያለ... ቀጠሮ... መግባት... ክልክል... ነው» ብላ እስከ ነጥቡ ደረሰች። በሕይወቷ ማንም ሳያግዛት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበበችው የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። ውጭ ሴቶቹ አጨበጨቡላት።

«ምን ማለቱ ነው?» አለች አንዷ።

«አትግቡ ይላል።»

«እና እንሂድ?»

«ተጽፏል እኮ! ድሮ ቢሆን ዘው ብለን ገብተን እንዋረድ ነበር። ማንበብ ደጉ! ያንን ልጅ እግዜር ይባርከው።»

ኮቴው ራቀ። ኃላፊው በሩን በርግዶ ወጣ።

«እናቴ! ኑ፣ ግቡ!»

«ቀጠሮ የለንም፣ ልጄ።»

«ግዴለም፣ እኔ ነኝ እኮ ኃላፊው!»

«አይሆንም» አለች ልብስ አጣቢዋ ጣቷን ወደ ጽሑፉ ቀስራ። «አንብቤዋለሁ። ካነበብኩት በኋላ እንዳላነበበ ሰው ልሁን?»

ኃላፊው ወደሚሽከረከረው ወንበር ዞሮ አየ። ወንበሩ ለብቻው ገና እየዞረ ነበር። ከዚያ በሩን ሳይዘጋ ተከትሏቸው ሄደ።

አሁን ጠዋት ጠዋት በሆስፒታሉ የመዝገብ ክፍል ተቀጥሮ ይሠራል፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ እንዲደርቁ በተሰጡ አንሶላዎች መሃል፣ አሥራ አንድ ሴቶችና አንድ ዘበኛ ያስተምራል። ኮሚቴው ግን በዝምታ አላለፈውም። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ጉዳዩ በጥልቀት ታይቶ፣ ማኅተም ያረፈበት ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ደረሰው። ምሩቁ አንድ ጊዜ አነበበው። ከዚያም የመማሪያ መጽሐፍ ስላልነበራቸው ለልብስ አጣቢዋ አቀበላት።

ሴትየዋ እጇን በሽርጧ አደራርቃ ጀመረች። «ወንድማችን... በራሱ ፈቃድ... ቢሮውን ጥሎ... በመውጣቱ... ሕይወቱ... ትርጉም... ያጣ... መሆኑን... ኮሚቴው... በሙሉ ድምፅ... አረጋግጧል።» አንድም ቦታ አልተሰናከለችም። ሌሎቹ ተቀባበሉት፤ ‹ጽ›ም፣ ‹ጥ›ም፣ ‹ኅ›ም ሞልተውበታል። ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ ካዘጋጀው ወረቀት ሁሉ ለሰው የጠቀመ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

«ውይ፣ ማነው ይሄ ምስኪን?» አለች ልብስ አጣቢዋ ደብዳቤውን አጥፋ።

«የሚያውቁት ሰው አይደለም» አላት። «ይልቅ ሁለተኛውን ገጽ ያንብቡ፤ እንዳይዘሉ ብቻ።»