እሱ አይወልቅም

መፈተሽ ለእኛ ለመንገድ ዳር ሰዎች ብርቅ አይደለም። ቆቦ ያደገ ሰው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት እጁን ወደ ላይ ማንሳት ይማራል። ከዋጃ የሚመጣ አውቶቡስ ኬላ ላይ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ይወርዳል፤ ወንዱ በአንድ ወገን ሴቱ በሌላ ወገን ይሰለፋል፤ ኪስ ይዳበሳል፣ ጆንያ በዘንግ ይወጋል፤ ከዚያ ሁሉም እየተጋፋ ተመልሶ የራሱን ወንበር እንደ አዲስ ይሻማል። ባንክ ደጃፍ ስንደርስ ዘበኛው አፉን ሳይከፍት እጃችን በራሱ ጊዜ ይነሳል። እኔ በበኩሌ አንድ ቀን ክሊኒክ በር ላይ የቆመ አስታማሚ ፈታሽ መስሎኝ እጄን ብዘረጋለት፣ ሰውየው ላቅፈው የመጣሁ ወዳጁ መስየው አቅፎኛል። ምን ይደረጋል፣ ተቃቅፈን ተለያየን።

የአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ቀበቶ ያስፈታል። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ በካልሲው የቆመ ሰው፣ የፈለገ ባለሥልጣን ቢሆን፣ ግርማ ሞገስ የለውም። ይህን ለሀገር የሚበጅ ነገር አድርጌ ነው የማየው። ነገሩ የሚከፋው ሁሉም ተፈትሾ እያለፈ ሳለ አንዱን ለይተው «እርስዎ ወዲህ ይምጡ» ያሉት እንደሆነ ነው። ከሰልፍ ተለይቶ የቆመ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ጥፋተኛ ይመስላል። አብሮ ተጓዡን ደግሞ ታውቁታላችሁ። የጫማውን ክር እያሰረ በዓይኑ ጫፍ ያያችኋል፤ ግማሽ ልቡ እያዘነላችሁ፣ ግማሹ «እኔስ መጀመሪያም ጠርጥሬ ነበር» እያለ።

ከአክስቴ ከዘሀራ ጋር የደረሰብን ይኸው ነው።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እኔ የጎብዬ ልጅ ብሆንም ለትምህርት ቆቦ ስመጣ ያደግኩት እሷና ባሏ ቤት ነው፤ ዛሬ ምስማር፣ ቆርቆሮና የአጥር ሽቦ የምሸጥበት ሱቄም ከግቢዋ ፊት ለፊት ነው። ባሏ ጋሽ እንድሪስ ካረፉ ወዲህ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ወደ ስድሳ እየተጠጋች ብትሆንም የማሽላ ጆንያ አንሱልኝ ብላ ሰው ጠርታ አታውቅም። ዘንድሮ ነው ራሷን ይጠዘጥዛት የጀመረ። ይጠዘጥዛታል፣ ያዞራታል፤ ይባስ ብሎ አንድ ቅዳሜ ገበያ መሀል ወደቀች። ደሴ ያያት ሐኪም «የጭንቅላት ኤም አር አይ ያስፈልጋታል፤ እሱ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ባይዘገይ ጥሩ ነው» አለ። ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባይዘገይ» ሲል ቃሉ ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። አዲስ አበባ ያለው ልጇ ቀጠሮ አስያዘ፤ መኪና ያንገላታታል ብሎም የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠ። አድራሽ እኔ ሆንኩ።

በማለዳ ተነሥተን ጎብዬንና ወልድያን አልፈን፣ ዳገቱን ወጥተን አውሮፕላን ማረፊያው ደረስን። መንገዱን ሙሉ ያሳሰበኝ ቦርሳዋ ነበር። ለልጇ ብላ በጣሳ የቋጠረችውን ቅቤ ምን ይሉት ይሆን፣ ቢያስቀሩባት ምን ብዬ አጽናናታለሁ እያልኩ ነው የመጣሁት። ቦርሳዋ ያለ አንዳች ጥያቄ አለፈ። የተጮኸባት እሷ ናት።

የመፈተሻው በር መጀመሪያ ሲጮህ ማንም አልደነገጠም። ፈታሿ፣ ትሑት የሆነች ወጣት ሴት፣ «እናቴ፣ ጌጥ ካለ ያውልቁልኝ» አለቻት። አክስቴ ድሪዋን አውልቃ አለፈች፤ ጮኸ። አምባሯን አወለቀች፤ ጮኸ። ሻሿን የያዙትን መርፌ ቁልፎች አንድ በአንድ ነቀለች፣ ከወገቧ የሳጥኗን ቁልፍ ፈታች፣ ጫማዋን አወለቀች፤ አሁንም ጮኸ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን በር ሦስተኛ አድርጋችሁ ጨምሩበት። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። የፈታሾቹ አለቃ ከወንበሩ ተነሥቶ መጣ።

«እናቴ፣ ብረት ይዘዋል?» አላት።

ብረት በእኛ አገር ጠመንጃ ማለት ነው። አክስቴ በትዕግሥት አየችው። «ኧረ ልጄ፣ ብረት የሚይዙት ወንዶቹ ናቸው» አለችው።

ፈታሿ በእጅ የሚያዘውን መፈተሻ አምጥታ ከእግሯ ጀምራ ወደ ላይ አስኬደችው። ዝም። ወገቧ ላይ ዝም። በጀርባዋ ዞራ ከግራ ትከሻዋ ሥር ስትደርስ መሣሪያው ጮኸ። መለሰችው፤ እዚያው ቦታ ላይ ጮኸ።

«ይሄን ያውልቁት፣ እናቴ።»

«እሱ አይወልቅም፣ ልጄ» አለች አክስቴ።

እኔ ከወዲያ ማዶ ጌጧንና ጫማዋን በላስቲክ ሳፋ ታቅፌ ቆሜያለሁ። ክታብ ነው ብዬ አሰብኩ። ልብሷ ውስጥ የሰፋችው፣ ሰው ፊት ማውጣት ያፈረችበት ክታብ። «እቴ፣ ግድ የለም አውጪው፣ መልሰው ይሰጡሻል» አልኳት። ቀና ብላ አይታኝ ከፈታሿ ጋር ወደ መጋረጃው ገባች።

መጋረጃ ፊት ቆሞ መጠበቅን ለማንም አልመኝም። ተሳፋሪ እየተጠራ ነው። በረራው ካመለጠን ቀጠሮው ያልፋል፤ ቀጠሮው ካለፈ ደግሞ ያ «ባይዘገይ» ያለው ሐኪም አለ። አለቃው «ለእርስዎ ምንዎ ናቸው?» ሲለኝ «አክስቴ ናት» አልኩ፤ ወዲያው ግን አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ገበያ ላይ የማታውቀው ሰው «ይህችን አድርሺልኝ» ብሎ የሰጣት ነገር ይኖር ይሆን? ያሳደገችኝን ሴት ለመጠርጠር የፈጀብኝ ሳፋውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው እስካዛውር ነው። ሰው ከሰልፍ ሲለዩበት ዘመዱም እንዲህ ነው።

ፈታሿ ብቻዋን ወጣች። ፊቷ ተለውጧል። አለቃዋን ጠጋ ብላ «ቁስል ነው። አሮጌ ጠባሳ። ብረቱ ከውስጥ ነው ያለው፣ በእጅ ይዳሰሳል» አለችው።

አክስቴ ሻሿን እያስተካከለች ወጣች። አለቃው ድምፁ ለስልሶ «እናቴ፣ ምን መትቶዎት ነው?» አላት።

«አውሮፕላን» አለች።

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ወደ እሷ ዞርኩ። አክስቴ ግን የተጠየቀችውን መመለሷ ስለሆነ ቀጠለች። «ልጅ ሆኜ፣ ዋጃ ገበያ። ዛሬ ደግሞ ልሳፈረው መጣሁ።»

አለቃው የሐኪም ማስረጃ እንዳላት ጠየቀ፤ የለንም አልን። ምርመራው የት እንደሆነ ጠየቀ፤ የቀጠሮዋን ካርድ አሳየሁት። መታወቂያዋንም አገላብጦ አየ፣ ከፈታሿ ጋር ተነጋገረ፣ ከዚያ «ይለፉ፤ ሌላ ጊዜ ግን መጀመሪያውኑ ይንገሩን» አለ። ፈታሿ ጎንበስ ብላ የአክስቴን ጫማ አቀረበችላት። አክስቴ መርቃት፣ አምባሯን አጥልቃ፣ ከሁሉ በኋላ ተሳፈርን።

አውሮፕላኑ ተነሥቶ ተራራዎቹ ከሥራችን ሆኑ። አክስቴ ቀበቶዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ፊት ለፊቷን ታያለች። የፈራች መሰለኝ፤ መፍራትም የሚገባት ሰው ብትኖር እሷ ናት።

«እቴ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። «ሳይጠሩኝ አቤት ልበል?»

ከዚያ ነገረችኝ። እናቷ ፍየል ልትሸጥ ዋጃ ገበያ ይዛት ሄዳ ነበር። ጦርነት ነበር፤ ጦርነት ቢሆንም ግን ሰው ጨው ያስፈልገዋል፣ ገበያም ይቆማል። አውሮፕላኑ መጣ። የማን እንደነበር አትጠይቁኝ፤ እሷም አልነገረችኝም፣ ከላይ የሚመጣ ነገር ስሙን ተናግሮ አይመጣም። ሰው ወደ ማሽላው ሮጠ። እሷ የፍየሏን ገመድ አለቅም ብላ ወደ ኋላ ቀረች። የሚያቃጥል ነገር ትከሻዋን ሲመታት ሰው ድንጋይ የወረወረባት ነው የመሰላት። አንድ የሰፈር አዋቂ በጋለ ቅቤ አጥቦ አንዱን ስንጣሪ አወጣላት፤ አንደኛው ጠልቆ ቀረ። ቁስሉ ሲደርቅ እናቷ አስቀምጣ «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ነገር ለማንም እንዳትናገሪ። ብረት ያለባትን ልጅ ማን ያገባታል?» አለቻት።

«እናቴስ? እሷም አታውቅም?»

«እናትህ ጎብዬ ተድራ አንተን ታጠባ ነበር። ወተትሽ ይደርቃል ብለን ደበቅናት። ከዚያማ ቆየ፤ የቆየ ነገር ከየት ይጀመራል?»

«ጋሽ እንድሪስስ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እሱ በእጁ ደረሰበት። ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ብርድ ሲሆን ብቻ አሸዋ አግሎ በጨርቅ ቋጥሮ ያስቀምጥልኛል። አንድም ቀን ሳልነግረው፣ አንድም ቀን ሳይጠይቀኝ ሄደ። እሱ ከሞተ ወዲህ ክረምቱ ይከብደኛል።»

እኔ ብረት ሽጬ የማድር ሰው ነኝ። ምስማሩን በድምፁ፣ ሽቦውን በክብደቱ እለያለሁ። የፊት ለፊት ጎረቤቴን፣ ያሳደገችኝን ሴት ግን ክረምት ክረምት ትከሻዋን ስታሽ እያየሁ «ብርድ ነው፣ ልብስ ደርቢ» እላት ነበር። ለካ ዘመድ የሚጠይቀው መልሱን የሚያውቀውን ጥያቄ ነው። እንዴት አደርሽ እንላለን፣ አልሐምዱሊላህ ትለናለች፣ ሁላችንም ደህና እንውላለን። ያ ለማንም የማያዳላ፣ ይሉኝታ የሌለው በር ግን አልሐምዱሊላህን ሰምቶ አያልፍም።

አዲስ አበባ ስንደርስ ልጇ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለን፤ በማግስቱ ወደ ምርመራው ሄድን። ክፍሉ በር ላይ የሚያስተናግደው ወጣት ስንት ሰው እንዳሳለፈ እንጃ፣ ጥያቄውን እንደ ታክሲ ረዳት ነው የሚደረድረው። «ሰዓት፣ ሀብል፣ ቀለበት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሰውነት ውስጥ ብረት የለም አይደል?» አክስቴ ጌጧን ሁሉ ቤት ትታ ስለመጣች «የለም» ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት። የጠየቃት ስለ ጌጥ መስሏታል።

«አለ» አልኩ። «ትከሻዋ ውስጥ።»

ወጣቱ ቀና አለ። ብዕሩን አስቀመጠ። ሐኪም ተጠራ፤ ሐኪሙ ዳሰሳት፣ ራጅ አስነሣት፣ ከዚያ ልጇንና እኔን ለብቻ ጠርቶ ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ ብረት ውስጥ ሆኖ ሊነቃነቅ፣ ሊግል፣ አጠገቡ ያለውን የደም ሥር ሊጎዳ እንደሚችል አስረዳን። «ማን ነገራችሁ?» አለን። ልጇ ወደ እኔ አየ፤ እሱም የሰማው ማታ ነው። እኔ «የአውሮፕላን ማረፊያ ፈታሾች» አልኩ። ሐኪሙ የቀለድኩበት መስሎት ትንሽ ቅር አለው።

በሌላ መሣሪያ አነሷት። ጭንቅላቷ ደህና ነው፤ ለካ ሲጠዘጥዛት የከረመው ደም ብዛት ነው፤ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ መውሰድ አለባት። ብረቱን ሥጋ ስላቀፈው መንካት አያስፈልግም አሉ። አክስቴ ይህን ስትሰማ «ላያስችል አይሰጥም» አለች፤ ልጇ ግን ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ግድግዳ ይዞ ሲያለቅስ አየሁት። ጠጋ ስለው «በእሱ ትከሻዋ ነው እኮ አዝላ ያሳደገችኝ» አለኝ። «አብሽር» አልኩት፤ እኔም በሱ ትከሻ ታዝያለሁ።

ቆቦ ስንመለስ ጠያቂ ጎረፈ። አክስቴ ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ነገር የለም ብላ ወሬውን ከፈታሿ ጀምራ ለመጣ ሁሉ ትናገራለች፤ «እሱ አይወልቅም» ያለችበት ላይ ስትደርስ ሰዉ ይስቃል፣ ዋጃ ገበያ ላይ ስትደርስ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሐጎስና ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን መጡ። ጋሽ ሐጎስ ከአላማጣ ወገን መጥተው ቆቦ ጨርቃ ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ቀኝ እግራቸው ያነክሳል። በጎልማሳነታቸው በሬ ወግቷቸው ነው፤ ይህን በሬ የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፣ ቀንዱ ስንት ክንድ እንደነበር ሳይቀር እሳቸው ራሳቸው ሲተርኩ ሰምተናል።

አክስቴ ተርካ ስትጨርስ ወይዘሮ ለተብርሃን ዓይናቸውን ጠረጉ። ጋሽ ሐጎስ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው የቀኝ ጉልበታቸውን ለረጅም ጊዜ አሹ።

«የእኔም በሬ አይደለም» አሉ።

ወይዘሮ ለተብርሃን ወደ ባላቸው ዞሩ፤ ስንት ልጅ የወለዱለት፣ የልጅ ልጅ ያዩለት ሰው እንግዳ የሆነባቸው ይመስል ትክ ብለው አዩአቸው።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ጋሽ ሐጎስ መሬት መሬት እያዩ «ረጅም ነው» አሉ።

«ይሁን። ተነሥ፣ ቤታችን ሄደን ትነግረኛለህ» አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን፤ ነጠላቸውንም አጣፉ።

ጋሽ ሐጎስ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ሚስታቸው በሚያነክሱበት በኩል ገብተው ክንዳቸውን ያዟቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ሰውየው ቆም አሉና ወደ እኛ ዞሩ።

«በሬውን አፉ በሉት» አሉ። «ስንት ዘመን በከንቱ ስሙን አጠፋሁት።»