የፓክ ዋጊዮ ጆሮ እና የአባቴ መኪና

የመኪና ኮፈን በተከፈተበት ቦታ ሁሉ አንድ ሽማግሌ ከመሬት ይበቅላል። በልምድ ነው የምናገረው። ሰው በሌለበት ዱር መሃል ኮፈን ክፈቱ፤ ቀና ከማለታችሁ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ አጠገባችሁ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። «ታዲያስ፣ ምን ሆነች?» ይላሉ። መልሳችሁን አይጠብቁም። እሳቸው ያውቃሉ።

ሰፈር ሁሉ የራሱ አለው። ለእኛ ሰፈር፣ ከዎኖሶቦ ከተማ ገበያ አለፍ ብሎ የድንች እርሻው ለሚጀምርበት ጥግ፣ የደረሱን ክቡርነታቸው ፓክ ዋጊዮ ናቸው፤ ሊቀ ሞተር፣ ባለ ጆሮ፣ የፖስታ ቤት ጡረተኛ። በእኛ አጠራር ፓክ ማለት አቶ፣ ቡ ወይዘሮ፣ ማስ ደግሞ ወንድሜ ነው። መኪና ኖሯቸው አያውቅም። ነድተውም አያውቁም። የሚሄዱት በብስክሌት ነው፤ እሷም ፍሬን የላትም። «ፍሬን የሚያስፈልገው የመንገዱን ጠባይ ለማያውቅ ሰው ነው» ይላሉ፣ በእግራቸው አስፋልቱን እየፋቁ ሲቆሙ።

መሣሪያቸው ክንድ የምታህል ካቻቢቴ ናት። ጫፏን ሞተሩ ላይ፣ እጀታዋን ጆሯቸው ላይ ተክለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚያች ሰዓት ያስነጠሰ ወዮለት። «ዝም በሉ! እየነገረችኝ ነው!»

እርግጥ መካኒኮችም እንዲህ ያዳምጣሉ። ልዩነቱ መካኒክ የሚያዳምጠው ሞተር ብቻ መሆኑ ነው። ፓክ ዋጊዮ የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ አዳምጠዋል፣ የሩዝ ወፍጮውን አዳምጠዋል፣ የጎረቤታችንን የቡ ላስትሪን ፍሪጅ አዳምጠው «ብርድ መቷታል» ብለዋል። እንዲያውም ቡ ላስትሪ ነፍሰ ጡር ሳሉ ካቻቢቴዋን ይዘው ጠጋ ቢሉ ባልየው ፈገግ እያለ መሃል ገባ ይባላል። ይህን ያወራው ሰው የታወቀ ውሸታም ነው፤ ቢሆንም የተጠራጠረው የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሳቸው ይህን ሁሉ አይሰሙም።

ለምን ተው የሚላቸው ጠፋ? እኛ ጋ ሽማግሌን «አይሆንም» ማለት የለማ! «እሺ» ነው የሚባለው። እሺ ማለት ሰማሁ ማለት ነው፤ አምኛለሁ ማለት ሌላ ነገር ነው። በዚህ ይሉኝታ የተነሳ ስንቱ ጤነኛ ሞተሩን አስፈትቶ፣ አመስግኖ፣ ሻይ አጠጥቶ ሸኝቷቸዋል።

እኔን ያገኙኝ በአባቴ መኪና ነው። አባቴ ሲሞቱ የተውልን አረንጓዴ አሮጌ መኪና አለች። እናቴ ቡ ሱሚነም መንዳት አይችሉም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ይዘው የሚወለውሏት እሳቸው ናቸው። ዝናቡ ሲገባ ታመመች። ከቤት ደህና ትነሳለች፣ ገበያው ጋ ስትደርስ መንተፋተፍ ትጀምራለች፣ ትንገጫገጫለች፣ ታስላለች፣ ከዚያ ጭጭ። ጥቂት ቆማ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ጋራዥ ወሰድኳት። ተራ ስትጠብቅ አርፍዳ፣ መካኒኩ ሲያስነሳት ኮራ ብላ አጓራች።

«ማስ ዳርሶ፣ መኪናዋ ምንም የለባትም» አለኝ መካኒኩ። «አንተ ግን ትንሽ የደከመህ ትመስላለህ።»

ፓክ ዋጊዮ ግን አላሳፈሩኝም። እስከ ገበያው ጫፍ ድረስ በሰው ሞተር ሳይክል ኋላ ተፈናጥጠው ይመጡልኝ ነበር። ሥርዓታቸው አይለወጥም። መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞረው ቤንዚኑን ያሸታሉ። የድሮው የታንክ ክዳን ጠፍቶ ከገበያ የገዛነው ልኳ ስላልሆነ፣ ዝናብ እንዳይገባ እናቴ በፕላስቲክ ጠቅልለው በላስቲክ ቀለበት ጥፍር አድርገው አስረውታል። አገራችን በፕላስቲክና በላስቲክ የማይታሰር ነገር የለም፤ ሻዩም፣ ሾርባውም፣ እንዳይለሰልስ የሚፈራለት ክሩፑክ የምንለው ተሰባሪ ጥብሳችንም እንደዚያው ነው። ፓክ ዋጊዮ ላስቲኩን ቀስ ብለው ያወልቃሉ፣ ክዳኑን ይከፍታሉ፣ አፍንጫቸውን ያስጠጋሉ፣ «ትንፋሿ ከብዷል» ይላሉ፣ እንደነበረ መልሰው ያስራሉ። ወደ ሞተሩ የሚዞሩት ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ካንዴላው ነው አሉ። ቀየርኩ፤ ተነሳች! ቀጥሎ ካርቡራቶሩ አቧራ ውጧል ብለው በአፋቸው ነፉበት፤ ፊታቸው ቤንዚን በቤንዚን ሆነ፤ ተነሳች! ከዚያ ባትሪው አኮረፈ፣ ከዚያ አንድ ሽቦ «ሐሳብ ገባው»፣ ከዚያ ማርሚታው አፈነ። ሁሉም ዳነ፤ በማግስቱ ሁሉም አገረሸበት። አንድ ቀን ሰበብ ሲያልቅባቸው ካቻቢቴዋን ከጆሯቸው አውርደው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ «ጌታዋን አስባ ነው» አሉ። እናቴ እንባቸው መጣ። መኪናዋም ተነሳች።

ለዚህ ሁሉ የሚፈልጉት ትኩስ ጣፋጭ ሻይና ሰሃን ሙሉ ቴምፔ፣ የአኩሪ አተር ጥብስ ነው። እስኪያልቅ ድረስ ስለ በሽታው ያስረዳሉ። ሰሃኑ ከተሞላ በሽታው ይረዝማል።

በዚህ መሃል ታናሽ ወንድሜ ጉናዲ ሊያገባ ሆነ። ሙሽራዋ ቱቲ ከላይ ከተራራው መንደር ናት። አባቷ ፓክ ሙልዮ ጥርሳቸውን ለማየት የታደለ ሰው አላውቅም፤ ጉናዲን እሺ እስኪሉት ድረስ ልጁ ከስቶ አልቋል። ቀኑ በአዋቂዎች የተመረጠ መልካም ቀን ነው። መልካም ቀን ደግሞ ለሁሉም መልካም ስለሆነ፣ ኒካህ የሚያስሩት ሹም ያን ዕለት ከሰርግ ሰርግ በሞተር ሳይክል ሲከንፉ ነው የሚውሉት። አስቀድመው ተናገሩ፦ «ጠዋት ሦስት ሰዓት። ሙሽራው ከሌለ ወደሚቀጥለው ቤት እሄዳለሁ።» ፓክ ሙልዮ ደግሞ የራሳቸውን ጨመሩ፦ «ኒካሁን ያረፈደ ልጅ ዕድሜ ልኩን ያረፍዳል። ልጄን ለአርፋጅ አልድርም።»

«ጤነኛ መኪና ልከራይ» አልኩ።

«አባቱ የሉም» አሉ እናቴ። «መኪናቸው እንኳ ታድርሰው።»

እሺ አልኩ። ይህኛው እሺ ከልብ ነው።

የሰርጉ ጠዋት እናቴ መኪናዋን በቢጫ የኮኮናት ቅጠልና በጃስሚን አሸበረቋት። ለታንኩም አዲስ ፕላስቲክ አለበሱት፤ ላስቲክ በላስቲክ ላይ ደራርበው። «ዛሬስ ጠብታ ውሃ አይገባባትም!» እኔ ልነዳ፣ እናቴና ጉናዲ ከኋላ። ዘመድ አዝማዱ ከነስጦታው በጭነት መኪና ይከተለናል። የፊት በሩን ብከፍት ማን ተቀምጧል? ፓክ ዋጊዮ! የጋበዛቸው የለም። የክት ባቲክ ሸሚዛቸውን ለብሰዋል። ሙሽራው እንደ ደንባችን ጩቤውን ከኋላ መቀነቱ ላይ ሽጧል፤ እሳቸውም እዚያው ቦታ ላይ ካቻቢቴዋን ሽጠዋል።

«እኔን ትተህ ልትሄድ ነበር?» አሉኝ።

«ኧረ እንዴት ሆኖ፣ ፓክ!»

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጀመራት። ትፍ፣ ትፍ አለች፤ ተንገጫገጨች፤ ቀጥ። ከኋላችን የጭነት መኪናው ክላክስ፣ የአክስቶቼ ጩኸት። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ፓክ ዋጊዮ ወርደው እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ ሲዞሩ እናቴ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ፓክ ዋጊዮ፣ አደራ ፕላስቲኩን እንዳይነኩብኝ! ገና ጎህ ሲቀድ ያሰርኩት ነው፤ አቧራ ይገባባታል!»

«እሺ፣ ቡ» ብለው ወደ ሞተሩ ዞሩ።

ካንዴላ ፈተው አበሱ። የለም። ካርቡራቶሩን ነፉ። የለም። ካቻቢቴዋን ተክለው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ያ ሁሉ ዘመድ አስፋልት ላይ ትንፋሹን ውጦ ቆመ። እሷ ግን ወይ ፍንክች። ላባቸው በባቲኩ ላይ ይወርዳል።

«ምን አለችዎት?» አልኩ።

«ምንም አትለኝም» አሉ። ፓክ ዋጊዮ አላውቅም ሊሉ ትንሽ ሲቀራቸው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጉናዲ ሽርጡን ሰብስቦ ወረደ። «በእግሬ እሮጣለሁ!»

«በዚህ ዳገት? ደርሰህ ኒካህህን በቃሬዛ ልታስር ነው?» አለች አንዷ አክስቴ።

እኔም መሪውን ጨብጬ አስባለሁ። ያ ሁሉ በሽታ፣ ያ ሁሉ መድኃኒት፤ ሁልጊዜ ይሠራል፣ ዛሬ እምቢ አለ። ዛሬ ያልተደረገ ምንድን ነው? ወይ ጉድ! ሽታው! ታንኩ አልተከፈተማ! በዚያ ሁሉ ፕላስቲክ ታፍኖ አየር ከየት ያግኝ፤ ቤንዚኑስ በምን ይውረድ? በሽታውም መታፈኑ፣ መድኃኒቱም መከፈቱ ነበር፤ እኚህ ሰውዬ ሳያውቁት ሲያድኗት ኖረዋል አልኩ። ብድግ ብዬ ልከፍተው ነበር። ግን ያ ሁሉ ዘመድ እያያቸው፣ ካቻቢቴዋን እንደያዙ ክርር ብለው ቆመው ሳያቸው አላስቻለኝም።

«ፓክ ዋጊዮ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ትንፋሿን አላሸተቱም እኮ!»

እኔን አዩኝ። ቀጥለው እናቴን አዩ።

«ኧረ ያሽቱ!» አሉ እናቴ። «ልጄ ሳያገባ ሊቀር ነው፣ እኔ ስለ አቧራ አወራለሁ!»

ክዳኑ ሲላቀቅ ታንኩ ሽሽሽ ብሎ አየር ሲስብ ከኋላ ያሉት ሁሉ ሰሙት። ቁልፉን አዞርኩ። ትንሽ አሽካካችና ተነሳች! አክስቶቼ እልል አሉ። ፓክ ዋጊዮም ደረታቸውን ነፍተው ለጉባኤው አወጁ፦ «የተራራው አየር ነው! እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ቀጭን ነው፤ ማንኛዋም መኪና ክዳኗን ላላ ማድረግ አለባት። የማንም ጥፋት አይደለም!» ፕላስቲኩን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ስንደርስ ሹሙ የራስ ቁራቸውን አጥልቀው፣ ሞተር ሳይክላቸውን አስነስተዋል። ፓክ ሙልዮ በሩ ላይ ሰዓታቸውን ይዘው ቆመዋል። አለቀልን አልኩ። መኪናዋ ሳትቆም በሩ ተከፈተና ፓክ ዋጊዮ ዘለው ወረዱ፤ ቀጥ ብለው ሄደው ካቻቢቴዋን የሹሙ ሞተር ሳይክል ላይ ተከሉ።

«ዝም በሉ!»

«ምን… ምን ሆነች?» አሉ ሹሙ።

«በዚህ አያያዟ ቁልቁለቱን አትጨርስም። ያጥፏት፣ ልጄ። ለነፍስዎ ብዬ ነው።»

ሹሙ ባለ ሥልጣን ይሁኑ እንጂ የእናት ልጅ ናቸው፤ ሽማግሌን እንዴት አድርገው አይሆንም ይላሉ? «እሺ፣ ፓክ» ብለው አጠፏት፤ የራስ ቁራቸውን አወለቁ። ፓክ ዋጊዮ ቀስ ብለው፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ጎማውን ሳይቀር አዳመጡላቸው። ምርመራው ሲያልቅ ጉናዲ የአንገቱን የጃስሚን ጉንጉን አስተካክሎ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኒካሁ ታሰረ። ፓክ ሙልዮም ሳቁ፤ ጥቂት ጥርስ አየሁ።

ግብዣው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ፓክ ዋጊዮ፣ የበሽታዋ ምክንያት ፕላስቲኩ ነው እኮ» አልኳቸው በለሆሳስ፣ እንዳይከፋቸው እየፈራሁ።

የጎረሱትን አላምጠው ጨረሱ። «አሁን ነው ያወቅከው?»

«እርስዎ… ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ዝናብ ጀምሮ። ታንክ አየር ካላገኘ ቤንዚኑ አይወርድም። ይሄ እኮ ጆሮም አይፈልግም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ካንዴላ ምነው ያስቀየሩኝ!»

«ካንዴላውም አርጅቶ ነበር» አሉ ፍርጥም ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማስ ዳርሶ፣ እናትህ አባትህን ከቀበሩ ወዲህ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሮጠው ወጥተው ያቺን ፕላስቲክ ሲያስሩላት በአጥሩ በኩል አያለሁ። ራሳቸው እየበሰበሱ። ሄጄ ‹ያነቋት እርስዎ ነዎት› ልበላቸው? ሆድ ይፍጀው አልኩ። ስትቆም መጥቼ እከፍትላታለሁ፤ ምን ይጎዳል?»

«ዛሬ ዳገቱ ላይስ? ልጁ ሚስት ሊያጣ ነበር እኮ!»

«አትንኩ አሉኝ፤ ምን ላድርግ? ሞተሩ ላይ ጆሮዬን ተክዬ ዱዓ ሳደርግ ነበር።»

እንባዬ መጣ። እኚህን ሽማግሌ ወደድኳቸው፤ እዚያው ሩዙ ፊት፣ ያለ ምንም ይሉኝታ።

በሳምንቱ ልኳ የሆነ ክዳን ገዛሁ። ለእናቴ «ፕላስቲክ ማሰር በሕግ ተከለከለ» አልኳቸው፤ ሕግ አክባሪ ናቸው፣ አመኑኝ። መኪናዋ ዳነች። ገበያ ደርሳ ትመለሳለች፣ ዳገት ትወጣለች፣ አታስልም። ማንንም መጥራት አላስፈለገንም። ፓክ ዋጊዮ በብስክሌታቸው በደጃችን ሲያልፉ በእግራቸው አስፋልቱን እየፋቁ ይቆማሉ።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ፓክ።»

«አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ድምፅ ነው።

«ፓክ ዋጊዮን ምን አድርገን አስቀየምናቸው?» አሉ እናቴ አንድ ቀን። «እግራቸው ጠፋ እኮ።»

እሑድ ጠዋት ኮፈኑን ከፈትኩና የአንዱን ካንዴላ ሽቦ ነቀልኩ። ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ አንጠልጥዬ ተውኩት። ከዚያ፣ ሞተሯ እየተንተፋተፈ አላስኬድ አለኝ ብዬ ላክሁባቸው።

እየበረሩ መጡ። ገና ጎንበስ እንዳሉ ዓይናቸው ሽቦው ላይ አረፈ፤ አየኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ። እንደገና ሽቦውን አዩ። ሳይነኩት ካቻቢቴዋን መዘዙና ያልተነሳ ሞተር ላይ ተክለው ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«ከባድ ነው፣ ማስ ዳርሶ» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬ የሚያልቅ አይደለም።»

ወንበር ላመጣላቸው ወደ ቤት ገባሁ።