በኦቾሎ የጠፋችው ኤግዚቢት

የአገራችን ሕግ በዚህ ጉዳይ አያወላዳም፤ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ከሕጉ በኋላ ነው። የተያዘው ዕቃ አንድ መሳቢያ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ መሳቢያው ደግሞ፣ እናንተዬ፣ ያለው ሰዎች የሚውሉበት ቢሮ ውስጥ ነው።

ሴቻ ሰፈር ያለው የቁጥጥር ቢሯችን ውስጥ የተቀመጠችው ሲጋራ ከአንድ ሱቅ የተወረሰች ነበረች፤ ጣት የምታክል፣ ሲስቧት ሰማያዊ የምታበራ፣ የማንጎ ሽታ ያላት። አንድ ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ቁልፉን ረስተው ሲወጡ ሳብኳት። ሁለቴ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ግን እኔ ሳልነካት ፈሳሿ በየሳምንቱ ይጎድል ጀመር። መሳቢያው እንደተቆለፈ ነው፤ ቢሮው ግን ማንጎ ማንጎ ይላል። ሁላችንም አፍንጫ እንዳልተፈጠረልን ፋይል እናገላብጣለን። እውነቴን ነው፣ ፈርቼ ነበር።

ባለፈው ወር ስለ ሕጉ ግንዛቤ ልንሰጥ ኦቾሎ የምትባል የደጋ መንደር ወጣን፤ እኔ፣ አለቃዬ ወይዘሮ አልማዝና ሾፌራችን። ጉም ከአባያ ሐይቅ ሽቅብ ወጥቶ የስብሰባውን ሜዳ ውጦታል። ከተሰበሰበው ሰው የሚታየኝ የፊተኛው ረድፍ ብቻ ነው፤ ከኋላ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሳል ይሰማል። ወይዘሮ አልማዝ ዕቃዋን ለማሳያ ጠረጴዛ ላይ አኑረው ሕጉን አስረዱ። ሲጨርሱ አንድ ሽማግሌ፣ አቶ ጫሜ፣ ተነሱ።

«እሳት የለው፣ አመድ የለው፣ ይጨሳል» አሉ። «ይሄ ጎሜ ነው። የነካ ሰው ካለ ይናገር። ከደበቀ በልጁ ይመጣል።»

ጎሜ በጋሞ ምድር ነውር ሠርቶ የደበቀን ሰው ቤቱ ድረስ ተከትሎ የሚመጣ መዓት ነው። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በጎሜ አላምንም። ግን የሦስት ዓመት ልጄ ደረቷ ሲር ሲር ማለት ከጀመረ ሰነበተ። ከተናገርኩ እንጀራዬ፣ ዝም ካልኩ ልጄ። ጉሙ የፊተኛውን ረድፍም ይሸፍን ጀመር። ጉልበቴ ሳያማክረኝ ተነሣ።

«እኔ ነክቻለሁ» አልኩ።

አለቃዬ ያባርሩኛል ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «እኔም» አሉ። ሾፌራችንም ከመኪናው በር ላይ «እኔም» አለ፤ እሱ ቢሮው በየት በኩል እንደገባ እስካሁን አልገባኝም። እንዲያ ቀሎኝ አያውቅም።

አቶ ጫሜ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁን። ከዚያ «ልጆቼ» አሉ፣ «እኛ ጋ ይሄን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናንተ አመጣችሁት።»

ወደ ጠረጴዛው ዞርን። ዕቃዋ የለችም።

«ማነው ያነሳት?» አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

ከጉሙ ውስጥ የሚመልስ ጠፋ፤ ሳሉም ቆመ። ደግመው አልጠየቁም። እኛ ሦስታችንም ያን ዝምታ ከየትም ብንሰማው እናውቀዋለን።