አቶ ኣምባዬ ብቻ የሚያዩዋት ጭላንጭል

ሌላው የማያየውን ካላሳየሁ ብሎ የሰው አንገት የሚያሳምም ሰው ከየሰፈሩ አይጠፋም። ለእኛ ለልደታ ሰፈር ሰዎች የደረሱን ክቡር አቶ ኣምባዬ ነበሩ፤ ሰፈሩ «ሊቀ ሰማይ» ይላቸዋል። ጣሊያን ሳይገባ የመንግሥት ጸሐፊ ሳሉ አንድ የውጭ አገር መምህር በሩቅ ማሳያ መነጽሩ ሰማይ አሳያቸው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ምድር አልተመለሱም።

የሚያሳዩን ጨረቃን ቢሆን ምን ነበረበት! እሳቸው ግን ከአናታችን በስተሰሜን አለች የሚሏትን አንዲት ጭላንጭል ነው።

«የከዋክብት አገር ናት፤ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለች። ጎረቤታችን ናት፣ ብርሃኗ ስስ ሆኖ ነው እንጂ።»

«የት ጋ ናት?» እላለሁ።

«አትፍጠጥባት! ዓይን አፋር ናት፤ ጎኗን እያየህ ጠብቃት።»

ጎኗን አየሁ፤ ያተረፍኩት የአንገት ሕመም ነው። ከየካቲቱ እልቂት በኋላ እንኳ አላረፉም። በእልቂቱ የገዛ ወንድማቸውን የቀበሩት ባለቤታቸው እትዬ ለተኪዳን አንድ ቀን፣ «ምድሩ ሬሳ ሞልቶ እርስዎ ሰማይ ያያሉ?» አሏቸው።

«ምድሩንማ አየሁት፣ ለተኪዳን» አሉ።

በታኅሣሥ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከዘራቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ሲያሳዩኝ የጣሊያን ፖሊሶቹ ካራቢኔሪዎች ደረሱብን። ለአርበኞች ምልክት ትሰጣላችሁ ብለው ሁለታችንንም ወሰዱን። ገብረየሱስ የሚባለው አስተርጓሚ አዘነልንና «ሰማዩ ላይ ምንም የለም በሉና ግቡ» አለን። እኔ ምንም የለም አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ አይቻት አላውቅም። ለቀቁኝ።

አቶ ኣምባዬ «አለች» አሉ።

«አባቴ፣ ስለ እግዚአብሔር ይተዉ!» አለ አስተርጓሚው።

«ስለምታፈጡባት ነው እንጂ አለች።»

የለቀቋቸው በግንቦት ነው። እትዬ ለተኪዳን እጃቸውን ይዘው እየመሩ አመጧቸው፤ ድብደባው ሁለቱንም ዓይናቸውን አጥፍቶታል። ያ ሁሉ ምላስ ዝም አለ። እህል አይቀምሱም፣ ሰው አያናግሩም። «ገድለው ነው የላኩልኝ» አሉኝ እትዬ ለተኪዳን።

አንድ ምሽት ደጃፋቸው ካለው መደብ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው፣ «አለች?» አሉኝ።

«አለች፣ ጋሼ። ዛሬማ ቁልጭ ብላ ታየችኝ።»

«ውሸታም!» መደቡን በመዳፋቸው መቱት። «በግንቦት የምትወጣው ሊነጋጋ ሲል ነው! ደግሞ እሷ መቼ ቁልጭ ብላ ታውቃለች? ይህን ሁሉ ጊዜ ድንጋይ ነው ሳስተምር የኖርኩት?»

በስድብ ወረዱብኝ። እትዬ ለተኪዳን ከውስጥ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ያለቅሳሉ። ስድቡ እንዳያልቅብኝ ፈራሁና፣

«ታዲያ ጋሼ፣ ያቺ በምዕራብ በኩል ቦግ ብላ የምታበራው እሷ አይደለችም?» አልኳቸው።