የዳር አሰልጣኙ መሐላ

ኳስ በሚነጥርበት ስፍራ ሁሉ፣ ኳስ በእጁ ነክቶ የማያውቅ አንድ አሰልጣኝ አይጠፋም። ደመወዝ የለውም፣ ፊሽካ የለውም፣ የሾመውም የለም። ልጁ ሜዳ ውስጥ ካለች ግን ሹመቱ ከሰማይ የወረደለት ይመስለዋል። ለእሱ ዳኛው ዕውር ነው፣ ዋናው አሰልጣኝ እንቅልፋም ነው፣ የተጋጣሚ ቡድን ልጆች ደግሞ ዕድሜያቸውን የደበቁ ባልቴቶች ናቸው። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ጆሯችሁ እየጮኸ ቤታችሁ የገባችሁበት ቀን አይጠፋም።

የእኛው ክቡር የዳር አሰልጣኝ በሙያቸው ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ ቅርጫት ኳስንም የሚያዩት በዚያው ዓይን ነው። ተጋጣሚ በመሃል ሾልካ ካለፈች «አፈሰሰ! አፈሰሰ! ዝጉት እንጂ!» ይላሉ። ኳስ ከተነጠቀ «አላጠበቃችሁትም!» ይላሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እርሳቸው ላይ ሁለቱም ከደረሱ ቆይተዋል።

«ለሰው ቤት ሁሉ መዝጊያ ትገጥማለህ፤ ለአፍህ የሚሆን ግን ጠፋ?» ይሏቸዋል ባለቤታቸው።

ከዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ትክክል የሆነችው አንዲት ቃል ናት። ልጃቸው ልምምድ በጀመረችበት ቀን እውነተኛው አሰልጣኝ «ስትወረውሪ ክርንሽን ወደ ውስጥ አስገቢ» አላት። እርሳቸው ከዳር ሆነው ሰሙ። ከዚያች ቀን ወዲህ ልጅቱ እጇን ባነሳች ቁጥር «ክርን!» ይላሉ፤ በግቢ፣ በሜዳ፣ አንዳንዴም እንጀራ ፍለጋ ከወጡበት በስልክ።

ልጅቱን ከቅጥነቷ የተነሳ ሰው ሁሉ ሽቦ ይላታል። ትንሽ ሳለች አባቷ ከሥራ የተረፈ ቧንቧ አጥፈው ግድግዳ ላይ ቀለበት ሰቀሉላት። ቧንቧው ስላጠራቸው ቀለበቱ ከደንቡ ጠበበ፤ ማንም ልብ አላለም። በዚያ ጠባብ ቀለበት አድጋ እውነተኛው ስር ስትቆም «ይኼማ በርሜል ነው!» አለች። ምኞቷ አንድ ነበር፤ ጎበዞች ተለይተው እየኖሩ የሚማሩበትና የሚጫወቱበት ትልቁ ማሠልጠኛ መግባት። ከዚያ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑ ሩቅ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ግን አንድ ነገር ሆነ። ዳኛው ጩኸቱ በዛበትና ጨዋታውን አቁሞ «ይኼ ሰውዬ የማናችሁ አባት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሽቦ ጎንበስ ብላ የታሰረ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። አባትየው አዩ። ከሜዳው ወጡ፤ ማታም ጉዳዩን አላነሱም። ያን ቀን ራት አልበላ ያላቸው ጨው ስለበዛበት ነው ብለዋል።

የማሠልጠኛው መራጮች የሚመጡበት ቀን ሲደርስ ሽቦ በዋዜማው አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ አትምጣ አልልህም። ግን አንዲት ቃል ከአፍህ ከወጣች ሜዳውን ጥዬ ነው የምወጣው።»

«አንዲትም?»

«አንዲትም!»

«ክርንስ?»

«በተለይ ክርን!»

በእናታቸው አፅም ማሉ።

በማግስቱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ከኪሳቸው የቧንቧ ማሸጊያውን ነጭ ፕላስተር አውጥተው አፋቸው ሊከፈት ሲል ጣታቸው ላይ ይጠመጥማሉ። ሽቦ የመጀመሪያውን ሳተች። ሁለተኛውንም ሳተች። በርሜል የነበረው ቀለበት የመርፌ ቀዳዳ ሆነባት። እርሳቸው ከላይ ሆነው ምክንያቱን ያያሉ፤ ክርኗ እንደ ዶሮ ክንፍ ወደ ውጭ ተገንጥሏል። ያቺ ቃል ጉሮሯቸው ድረስ ትመጣለች፤ ይውጧታል፤ ፕላስተሩን ይጠመጥማሉ።

«ወንድሜ፣ አመመዎት እንዴ?» አላቸው አጠገባቸው ያለው ሰው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነትም አሟቸው ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የሽቦ ቡድን በአንድ ነጥብ እየተመራ ሁለት ነጻ ውርወራ ተሰጣት። የመጀመሪያው ቀለበቱን መትቶ ወጣ። ከመራጮቹ አንዱ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። አባትየው ይህን ሲያዩ ፕላስተሩን እስከ አንጓቸው ጠመጠሙ።

ሽቦ ኳሷን ያዘች፣ ግን አልወረወረችም። ቀና ብላ የመጨረሻውን ረድፍ አየች። እርሳቸው መሐላቸውን የምትቆጣጠር መስሏቸው፣ በፕላስተር የተጀቦነ እጃቸውን አፋቸው ላይ ይበልጥ ጫኑና «አይዞሽ፣ አልተነፈስኩም» በሚል አንገታቸውን ወዘወዙ።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች። «በል እንጂ!»

እጃቸውን ዘርግተው «ምን ልበል?» በሚል አዩአት።

«ታውቀዋለህ!»

ተነሡ። የታመቀው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ።

«ክርን!»

ክርኗ ገባ። ኳሷም ቀለበቱን ሳትነካ ገባች።

ከመራጮቹ አንዱ ዞር ብሎ «ያ ሰውዬ ማነው?» አለ።

«አባቴ ነው» አለች ሽቦ፣ ቀጥ ብላ ቆማ።

ነጥቡ እኩል ሆኖ በተጨመረው ሰዓት ቡድኑ «አፈሰሰ! አፈሰሰ!» እየተባለ ተሸነፈ። ሽቦ ግን ተመረጠች። ማሠልጠኛው ሩቅ ነው፤ ለወላጅ የሚሆን ዳርም የለውም። ሻንጣዋን እስከ አውቶቡሱ ድረስ ተሸክመው ሸኟት። ግቢው ጸጥ አለ፤ ጎረቤቶችም፣ ያን ጩኸት ሲረግሙ የኖሩት፣ ናፈቃቸው መሰለኝ ስለ እርሳቸው ጤና መጠየቅ ጀመሩ።

አሁን ግን ደኅና ናቸው። ባለፈው ሳምንት ከአንዲት ወይዘሮ የዕቃ ማጠቢያ ሥር ተጋድመው ሲሠሩ ስልካቸው ጠራ። መፍቻውን ጣሉ።

«አባዬ፣ ሜዳ ልንገባ ነው። ቶሎ በል!»

«ክርን!» አሉ፣ ማጠቢያው እስኪያስተጋባ።

ባትሪ ይዘው የሚያበሩላቸው ወይዘሮ ደንግጠው ክርናቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ።