በሬ የበላ ቁም ሳጥን

ሰዎቹ ጎረቤቴ ሰይድ፣ ሚስቱ ዘሀራና እኔ ነን። ሰይድና እኔ ያለን ለየራሳችን አንድ አንድ በሬ ስለሆነ አቀናጅተን እናርሳለን። ዕቃ አምላኪ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ማሽላ ሊዘራ ሲል ሰይድ ሳያማክረኝ በሬውን ሰንበቴ ገበያ ሸጠና፣ አብዮቱ ሲመጣ አሜሪካኖች ትተውት የሄዱትን አሮጌ ቁም ሳጥን ከከሚሴ አስጭኖ መጣ።

«ከሦስት ቁም ሳጥን መርጬ ነው! የአሜሪካኖቹ አያቶች የሠሩት ነው፤ መስታወቱን እየው» አለኝ።

«ምን ልትከትበት ነው?» አልኩት።

ዘሀራ ቀደመችው። «ያለችኝን ቀሚስ ለብሻታለሁ። ሰይድን ራሱን ክተቱልኝ!»

ቁም ሳጥኑ በበሩ አልገባ ብሎ ግድግዳ አስፈረሰ። ዝናቡ ግን እኛን አልጠበቀም። ነጠላ በሬ ያርሳል እንዴ? ልጆቼንስ መስታወት ላብላቸው? እንግዲህ ዋጋውን ስሙ፤ አንድ በሬ፣ አንድ ግድግዳና የሁለት ቤት የዓመት ማሽላ።