ሰዓት የምትናገረዋ ሴትዮ

ዘርፌ ትናንት ምሳ በልታ ጋደም ባለችበት ሕልም አየች። ከየት እንደመጣ ግልጽ ስለሆነ ፈቺ የሚያስፈልገው ሕልም አይደለም። ባሏ ይመር ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ዓይኑ ከጠፋ አምስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ማን እንደደወለ የሚነግረው፣ ሰዓቱን የሚያሳውቀው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የስኳር ኪኒኑን የሚያስታውሰው «ደወል» የሚባል ባለቁልፍ ስልክ ነበር። ስልኩ ውስጥ በአማርኛ የምትናገረውን ሴት ይመር «ሴትዮዬ» ይላታል። ዘርፌ መጀመሪያ ሰሞን በእውነት ቀንታባት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ስልኩ ጸጥ አለ። ዘርፌ ስልኩ ወደተገዛበት የኩባንያው ሱቅ አራት ቀን ሙሉ ተመላለሰች። ኩባንያው ያንን ስልክ መሥራት ትቷል፤ መለዋወጫም የለውም። ይህን ያህል ሰው የወደደው ዕቃ ለምን እንደሚቀር የሚነግራት ግን ጠፋ። ትናንት ጠዋት «አማርኛም ይችላል» ብለው ፊቱ ሁሉ መስታወት የሆነ አዲስ ስልክ አስይዘው ሸኟት። ይመር ዓምና አንድ ቀን ኪኒኑን ደርቦ ውጦ ራሱን ስቶ በሸክም ነው ሐኪም ቤት የደረሰው። ስለዚህ ዘርፌ ጋደም ብትልም ልቧ አልተኛም።

በሕልሟ እንደገና ወደ ሱቁ ሄደች። ከተማው ያው ደሴ ነው፤ ዝናቡ ግን ከመሬት ወደ ላይ ይዘንባል፤ ሰዉም ጃንጥላውን እግሩ ሥር ይዞ ይራመዳል። የሱቁ በር ላይ «የሚሠራ ስልክ ብቻ እንጠግናለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዘበኛው አንድ ሽማግሌን «የተሰበረ ይዘው ይመጣሉ እንዴ? ነውር አይደለም?» እያለ ይመልሳቸዋል።

ውስጥ ሠራተኞቹ ሰማያዊ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ወረፋ ቆመዋል። ደንበኞቹ ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አንዲት የማታውቃት ሴት «ነይ፣ ቦታሽ እዚህ ነው» ብላ ዘርፌንም አስቀመጠቻት። መጀመሪያ የቀረበው አራት ቀን ሙሉ «ሲስተም የለም» እያለ የመለሳት ሠራተኛ ነበር። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እትዬ፣ አቤቱታ አለኝ» አላት።

«ምን ሆነህ?»

«ሰው ወደደው። ሠራነው፣ ወደደው፣ አልጥልም አለ። አንድ ስልክ ይዞ ሰባት ዓመት።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ያስለቅሳል?»

«እርስዎ ካልረሱት እኛ አንተኛም። እባክዎ እዚህ ላይ ይምቱልን።»

ዘርፌ እጇን ብታየው ማኅተም ይዛለች። ማኅተሙ ላይ «ረስቻለሁ» የሚል ተቀርጿል። በስተርጅና ማኅተም መጨበጧ ትንሽ ደስ ሳይላት አልቀረም፤ ግን አስቀመጠችው።

«አልረሳሁም» አለች። «ስልኩን መልሱልኝ።»

ያኔ ወረፋው በሙሉ በአንድ ጊዜ ዞሮ አያት። ሃምሳ ይሆናሉ፤ ሁሉም ፊታቸው አንድ ነው።

«መጋዘኑን አሳዩዋት» አለ አንዱ። የትኛው እንደሆነ አላወቀችም።

መጋዘኑ ውስጥ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሰዎች ነበሩ። ላስቲክ ለብሰው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ደረታቸው ላይ «ተቋርጧል» የሚል ወረቀት አለ። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ይመርን አገኘችው። አቧራ ጠጥቷል። ስሙን ስትጠራው አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።

«ባሌ ነው» አለች።

«እሱ ከእንግዲህ አይሠራም። የሚተካው ግን አለ» አሏት፣ በትሕትና።

የይመርን ኮት የለበሰ ሰው አመጡላት። ፊቱ ልሙጥ መስታወት ነው። ግንባሩን በጣቷ ስትነካው በራ።

«እንደምን ዋልሽ፣ ደንበኛ» አላት በጠራ አማርኛ።

«እኔ ማን ነኝ?»

«ለመቀጠል ‹እስማማለሁ› በይ።»

ጣቷን አነሳች፤ ብርሃኑ ግን አልጠፋም። ዘርፌ ፈርታ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

በዚህ መሀል ከመጋዘኑ ጥግ «ሰባት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ» የሚል ድምፅ ሰማች። ድምፁን የትም ብትሰማው አትስተውም። አንዲት ቀጭን ሴት ላስቲክ ተከናንባ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«አንቺ ነሽ?»

«ሰባት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይመር ደህና ነው? ኪኒኑን ማን ያስታውሰዋል?»

ዘርፌ አጠገቧ ተንበረከከች። ለስንት ጊዜ በሐሜት የቦጨቀቻትን ሴት አሁን እግሯን ብትስም ደስ ይላት ነበር።

«ነይ ቤት እንሂድ። ቀንቼብሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ። ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ።»

«አይለቁኝም። ከዛሬ ጀምሮ ሰዓቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።»

ዘርፌ አዝላት ወጣች። ሠራተኞቹ ተከተሏት። አይሮጡም፣ ግን ርቀውም አይቀሩም። «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላሉ ሃምሳውም በአንድ ድምፅ። ዝናቡ ከታች ወደ ላይ ቀሚሷን ያረጥበዋል። በየእርምጃው ጀርባዋ ላይ ያለችው ሴት እየቀለለች ሄደች። «ሰባት ሰዓት ከ...» ትልና ታቆማለች። «ሰባት ሰዓት ከ...» ዘርፌ የቤቷ ደጃፍ ደርሳ እጇን ወደ ኋላ ብትሰድ የጨበጠችው ባዶ ላስቲክ ነበር። ጮኸች።

ነቃች።

ይመር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ፊቱን ታጥቦ፣ ኮቱን ለብሶ፣ አዲሱን ስልክ ጭኑ ላይ አድርጓል።

«ዛሬስ አረፈድሽ» አላት። «እኔም እኮ ምሳ እንደበላሁ ጭልጥ ያልኩ፣ እራት እንኳ ሳልቀምስ አድሬ አሁን መንቃቴ ነው።»

«አድሬ?»

«የማታው ኪኒን አምልጦኛል። የጠዋቱን ግን ውጫለሁ፤ አታስቢ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ይቺ አዲሷ ነገረችኝ። በከንቱ ነው ያማናት፤ ጎበዝ ናት።»

ስልኩን ተጫነው። «ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃ» አለ ስልኩ፤ የፈረንጁን ሰዓት በአማርኛ እያነበበ።

ዘርፌ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። የምሳው ሳህን ገና ከጠረጴዛው አልተነሳም፤ የዚያን ጠዋት ኪኒኑን ደግሞ ከቁርሱ ጋር ያዋጠችው እሷው ራሷ ነበረች።

«ቁርስ አታቀርቢም?» አላት ይመር። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።